የወታደሩ ራዲዮ፣ ትልቁ ሸክላና የባቡሩ ፉጨት

ባለፈው እትም ስለ አጭር ሞገድ የጻፍኳት ትንሽ መልስ ብዙ ደብዳቤ አመጣችብኝ። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ መጨረሻዋ ላይ «አጎቴ ኮሪያ ሳሉ ይሰሙት ስለነበረው ራዲዮ ሌላ ቀን እነግራችኋለሁ» ብዬ ነበር። አንባቢ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ቢረሳ «ሌላ ቀን» የተባለውን አይረሳም። ከደረሱኝ ውስጥ አምስቱን መርጫለሁ። ለአዲስ አንባቢ፦ ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ራዲዮ፣ ቴፕና የሸክላ ማጫወቻ ስጠግን ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖኛል። የማውቀው ሽቦና ድምፅ ነው፤ ታሪክ የማነሣው ሽቦው ወደዚያ ሲጎትተኝ ነው።

«ጋሼ፣ በርጫ ላይ ተከራክረን ነው የምጽፍልዎት። አንዱ ጓደኛችን የቃኘው ሻለቃ ኮሪያ በዘመተ ጊዜ ምሽግ ውስጥ ሆኖ የአሜሪካ ዘፈን በራዲዮ ይሰማ ነበር ይላል። ሌላው ጥይት በሚዘንብበት ቦታ ምን ዘፈን አለ ብሎ ሳቀበት። የተሸነፈው የሳምንቱን ጫት ይከፍላል። ማን ይክፈል?» — መ.አ.፣ ገንደ ቆሬ፣ ድሬዳዋ

የሳቀው ይክፈል። ራዲዮ ነበር፤ ያውም በካሚዮን ተጭኖ ወታደሩን የሚከተል። አሜሪካኖች ለኮሪያ ዘማቾቻቸው ጣቢያ የከፈቱት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 1950 ሴኡል ውስጥ፣ ባንዶ በሚባል ሆቴል ነው። ጦሩ ወደ ሰሜን ሲገፋ ማሠራጫው አብሮ ይገፋል፤ ጦሩ ሲያፈገፍግ ዕቃውን ሸክፎ ያፈገፍጋል። ተንቀሳቃሿን ጣቢያ «ቫጋቦንድ» ብለው ነበር የሚጠሯት፤ ቤት የለሽ ተንከራታች እንደ ማለት ነው። ስም ማውጣት ያውቁበታል።

የእኛዎቹ የደረሱት ከሰባት ወር በኋላ ነው። በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ የሚመራው የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሥቶ፣ በእኛው በድሬዳዋ አልፎ፣ ከጅቡቲ በአሜሪካ መርከብ ተሳፍሮ ፑሳን ገባ። ባቡሩ እዚህ ሲቆም እናቴ አዝላኝ ጣቢያው ድረስ ሄዳ ነበር አሉ። አጎቴ በመስኮቱ ጎንበስ ብለው አንድ ብር አስጨበጡኝ። ብሩን ማን እንደወሰደው እስከ ዛሬ አልተጣራም።

ለሐረር አንባቢዎቼ በነገራችን ላይ፦ «አባ ቃኘው» የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው። ኮሪያ ድረስ የተሰማው ስም መነሻው ከእናንተው ገዥ ቤት ነው፤ ብትኮሩበት አይፈረድባችሁም።

ሻለቃው ኮሪያ ውስጥ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር፣ ከ32ኛው ሬጅመንት ጋር ተመደበ። ራሽኑ የአሜሪካ፣ ጫማው የአሜሪካ፣ ራዲዮውም የአሜሪካ። አጎቴ አማርኛና ኦሮምኛ ያውቁ ነበር፤ ከምድር ባቡር ሠራተኞች የለቃቀሟት ጥቂት ፈረንሳይኛም ነበረቻቸው። እንግሊዝኛ ግን «የስ» እና «ኖ» ብቻ። «ወሬው አይገባንም፤ ዘፈኑን ግን ማን ይከለክለናል?» ይሉ ነበር። ከምሽጋቸው ጀርባ አንድ አሜሪካዊ የመገናኛ ወታደር ራዲዮውን በጥይት ሣጥን ውስጥ ያስቀምጥ ነበር። ሌሊት ሌሊት ባትሪውን አውጥቶ ብብቱ ውስጥ አቅፎ ይተኛል ብለው ሲነግሩኝ ልጅ ስለነበርኩ ቀልድ መሰለኝ። ሙያውን ስማር ነው እውነትነቱ የገባኝ፤ ደረቅ ባትሪ ብርድ ሲመታው ይደክማል፣ የሰውነት ሙቀት ሲያገኝ ትንሽ ነፍስ ይዘራል። የኮሪያን ክረምት ያላየ ድሬዳዌ ይህን ከየት ያውቃል?

ከኮሪያ በፊት የነበረውን ደግሞ ስሙ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. ከማርች 1942 ጀምሮ፣ አሜሪካኖች «ኮማንድ ፐርፎርማንስ» የሚባል ሳምንታዊ ዝግጅት ነበራቸው። ስሙ ለንጉሥ በትእዛዝ የሚቀርብ ትርኢት ማለት ነው፤ እዚህ ግን ንጉሡ ተራ ወታደር ነው። እሱ ከባሕር ማዶ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ሆሊውድ ይታዘዛል። ቦብ ሆፕ፣ ቢንግ ክሮዝቢ፣ ጁዲ ጋርላንድ አንድ ሳንቲም ሳይከፈላቸው ይመጡ ነበር። አገር ቤት ያለው ሕዝብ በተለመደው ጊዜ አይሰማውም፤ ለዘማቹ ብቻ የተሠራ ነው።

እኔን የሚገርመኝ የደብዳቤዎቹ ነገር ነው። ይህ ሁሉ ዘፋኝ በእጁ እያለለት አንዱ ወታደር ካሮል ላንዲስ የምትባለው ተዋናይት ማይክሮፎን ፊት ቆማ በረጅሙ እንድትተነፍስለት ብቻ ጠየቀ፤ ተነፈሰችለት። ሌላው ሥጋ በመጥበሻ ላይ ሲንጫጫ መስማት ፈለገ። ሌላው ደግሞ የቁማር ማሽን ሳንቲሙን ሲዘረግፍ። ሰውየው ያጣው ዘፈን እንዳልሆነ ከዚህ ይታያችኋል።

ይህን ካነበብኩ በኋላ አጎቴን «እርስዎስ ያኔ ቢጠየቁ ኖሮ ምን ድምፅ ያዙ ነበር?» አልኳቸው። ያኔ ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ በራችን ላይ ከኒሙ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። መልሱን ሲፈልጉ አልቆዩም።

«ባቡሩ ከሽንሌ በኩል ሲገባ የሚነፋውን ፉጨት።»

«ሌላስ?»

«እናትህ ቡና ስትወቅጥ።»

«ዘፈንስ?»

«ዘፈኑንማ አሜሪካኖቹ ነበራቸው አልኩህ።»

«ቶኪዮ ሮዝ የምትባል ጃፓናዊት በራዲዮ የአሜሪካን ወታደሮች ታስለቅስ ነበር ይባላል። እውነት ነው?» — ተማሪ፣ ሐረር

በዚያ ስም የተጠራች አንዲት ሴት አልነበረችም። ወታደሮቹ ከጃፓን ራዲዮ በእንግሊዝኛ የሚናገሩትን ሴቶች በጅምላ ያወጡላቸው ስም ነው። ዕዳው ግን በአንዷ ላይ ወደቀ። ኢቫ ቶጉሪ ሎስ አንጀለስ የተወለደች አሜሪካዊት ናት፤ ዘመድ ለመጠየቅ ጃፓን እንደሄደች ጦርነቱ መንገድ ዘጋባት፣ «ዜሮ አወር» በሚባል ዝግጅት ላይም ትናገር ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1949 በአገር ክህደት ተፈርዶባት ከስድስት ዓመት በላይ ታሰረች፤ በ1977 ፕሬዚዳንት ፎርድ ይቅርታ አደረጉላት። ወታደሩ ሙዚቃውን ወድዶ በስብከቱ እየሳቀ ነበር የሚያዳምጠው። የጠላት ራዲዮ ጥሩ ሸክላ ካጫወተ ይሰማል፤ ጆሮ ወገን አይለይም።

«አያቴ የቀድሞ ሠራዊት ሻምበል ነበሩ። ለወታደር ሽለላና ቀረርቶ እንጂ ትዝታ መርዝ ነው፣ ወኔውን ያላላዋል ይሉ ነበር። ውጭ አገር ለዘመቱ ወታደሮች ምን ዓይነት ሙዚቃ ነበር የሚሰጠው?» — ከ.ተ.፣ መምህር፣ ሐረር

አያትህ ብቻቸውን አልነበሩም። የእንግሊዝ ራዲዮ ሹማምንትም ቃል በቃል ባይሆን ይህንኑ ብለዋል።

ቢቢሲ ፈረንሳይ ለሰፈረው ጦር የተለየ ፕሮግራም የጀመረው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1940 ነው። ወታደር ራዲዮ የሚሰማው ብቻውን በጸጥታ አይደለም፤ በጫጫታ ውስጥ፣ ጫማ እየጠረገ፣ ካርታ እየተጫወተ ነው። ስለዚህ ረጅሙን ንግግር ቀንሰው ቀልድና ዘፈን አበዙ። አገር ቤት ያለው ሰውም ጨዋውን ጣቢያ ትቶ ወደዚህኛው ዞረ።

በዚያው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1941 ቬራ ሊን የምትባል የቧንቧ ሠራተኛ ልጅ የእሑድ ምሽት ግማሽ ሰዓት ተሰጣት። ዝግጅቱ በደብዳቤ መልክ የተሠራ ነው፤ ከባሕር ማዶ ላለው ወታደር ትጽፋለች፣ በመካከል ትዘፍናለች። ማዋለጃ ሆስፒታል ሄዳ አራሶችን ትጠይቅና ልጅ እንደተወለደለት ለአባትየው በራዲዮ ታበሥራለች። እስቲ አስበው፤ በረሃ ውስጥ ያለ ሰው አባት መሆኑን ከራዲዮ ሲሰማ። ታዲያ ከቢቢሲ የበላይ አመራርም ከፓርላማ አባላትም ወገን ይህ ልፍስፍስ ዘፈን ጦሩን ያዳክማል ብለው ያጉረመረሙ ነበሩ። ወታደሩ ሊሰማቸው አልፈለገም። እሷም እ.ኤ.አ. በ1944 በርማ ግንባር ድረስ ሄዳ ዘፈነችለት።

ጀርመኖቹ ዘንድ ያለው ታሪክ ደግሞ የባሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 በያዟት ቤልግሬድ የከፈቱት የወታደር ጣቢያ ማታ አራት ሰዓት ሊሞላ አምስት ደቂቃ ሲቀረው በየዕለቱ አንድ ሸክላ ያጫውት ነበር፤ ላሌ አንደርሰን የዘፈነችውን «ሊሊ ማርሊን»። መብራት ሥር ከፍቅረኛው ጋር የሚሰናበት የዘብ ወታደር ዘፈን ነው፤ ከትዝታ በምን ይለያል? የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትሩ ጎብልስ አልወደደውም። በሰሜን አፍሪካ በረሃ ግን የጀርመን ወታደር በዚህ፣ የእንግሊዝ 8ኛ ጦር በዚያ ሆነው በዚያችው ደቂቃ ወደ አንድ ጣቢያ ያዞሩ ነበር።

እኔን ከጠየቅከኝ አያትህ ግማሽ እውነት ይዘዋል። ሽለላ ከመነሣትህ በፊት ደም ያፈላል፤ ሌሊቱን ዘብ ቆመህ እግርህ ሲደነዝዝ ግን ማን ላይ ትሸልላለህ? አጎቴ እንደነገሩኝ ከጓዶቻቸው አንዱ፣ የወሎ ሰው፣ ከራሽን ቆርቆሮና ከተጣለ የስልክ ሽቦ ክራር ሠራ። ብርዱ ሽቦውን እያኮማተረበት በየሩብ ሰዓቱ እንደገና ይቃኘዋል፤ «ሻለቃው ቃኘው፣ አንተ ቃኘኸው፣ ክራሩ ግን አልቃኝ አለ» እያሉ ይሥቁበት ነበር። አንድ ማታ ትዝታ ሲመታ ያ ባትሪ የሚያቅፈው አሜሪካዊ ራዲዮውን ዘግቶ መጣና አጠገባቸው ተቀመጠ። ምን እንደሚል አልጠየቀም። ሲጋራ አደላቸው፣ ሲጨርሱ ተነሥቶ ሄደ። አጎቴ ይህን ሲያወሩ ስለ ውጊያው ከሚያወሩት ይልቅ ፊታቸው ይፈካ ነበር፤ ወኔያቸው ላልቶ ከነበረም እኔ አላየሁም። ከቃኘው ሰዎች አንድም እንኳ አልተማረከም፤ ይህን አያትህ ያውቁታል።

«በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች በጢም መላጫ ምላጭ ራዲዮ ሠርተው ነበር ሲባል ሰማሁ። እውነት ከሆነ እኔም መሥራት እችላለሁ?» — የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ ድሬዳዋ

ይህን ጥያቄ ስትጽፍ እጄን እንዳሳከከኝ ብታውቅ! እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 ኢጣሊያ ውስጥ አንዚዮ በሚባል የባሕር ዳርቻ የተከበቡ አሜሪካኖች ሠርተውታል። የዚያ ዘመን አንዳንድ ራዲዮ እየተቀበለ ራሱም ደካማ ሞገድ ይረጭ ስለነበር ጠላት አነፍንፎ ቦታህን ያገኝብሃል። የምላጩ ራዲዮ ግን ባትሪ የለው፣ የሚረጨው ነገር የለው፤ ከአየር ላይ በሚለቅመው ጉልበት ብቻ ይሠራል።

በካርቶን ጥቅልል ላይ መቶ ጊዜ ያህል ቫርኒሽ የተቀባ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ጠቅልል። የጥቅሉን አንድ ጫፍ ከረጅም የአንቴና ሽቦ፣ ሌላውን መሬት ውስጥ ከተቀበረ ብረት ጋር አያይዝ። ሰማያዊነት ያለው ምላጭ እንጨት ላይ ምታና ከአንቴናው ጫፍ ጋር አገናኘው፤ ሰማያዊ ካላገኘህ በእሳት አግለው። የመርፌ ቁልፍ ጫፍ ላይ የእርሳስ ፍሬ እሰርና ምላጩን በስሱ እንዲነካ አድርገው። ጆሮ ማዳመጫው በመርፌ ቁልፉና በመሬቱ ሽቦ መካከል ይገባል። ከዚያ በኋላ ያለው ትዕግሥት ነው፤ የእርሳሱን ጫፍ በምላጩ ላይ እያንሸራተትክ ድምፅ የሚሰጥህን ነጥብ ትፈልጋለህ። የምላጩ ሰማያዊ ሽፋንና የእርሳሱ ፍሬ (ግራፋይት) ሲነካኩ ሞገዱን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያሳልፋሉ፤ ምሥጢሩ ይኸው ነው።

ሁለት ነገር ልንገርህ። የሞባይል ማዳመጫ አይሠራም፤ የድሮ ራዲዮ የጆሮ ማዳመጫ ዓይነት ሁለት ሺህ ኦም የሚደርስ ያስፈልጋል። ጣቢያውም መካከለኛ ሞገድ፣ ጠንካራና ቅርብ መሆን አለበት፤ ኤፍ ኤም በዚህ አይያዝም። አንቴናህን በምንም ዓይነት ወደ መብራት ኃይል ምሰሶ እንዳታስጠጋው፤ ደመና ሲያጉረመርም ንቀለው። ሠርተህ ድምፅ ካልሰጠህ ይዘህልኝ ና። አልከፍልህም፣ አታስከፍለኝም።

«አባባ፣ አያቴ በወጣትነቱ አሥመራ በአሜሪካኖች ጦር ሰፈር ሹፌር ነበር። ካረፈ በኋላ ሣጥኑ ውስጥ ትሪ የሚያህል ጥቁር ሸክላ አገኘን። መሐሉ ላይ ያለው ወረቀት ደብዝዟል፤ 33 1/3 የሚል ቁጥርና በእጅ የተጻፈ ነገር ይታያል። ሴት አያቴ የእሱ ድምፅ እዚህ ውስጥ አለ፣ አሜሪካኖቹ አንድ ቀን ማይክሮፎን ፊት አስቁመው አናግረውት ነበር ትላለች። የትም ብንወስደው የሚያጫውት አጣን። ድምፁ ይኖራል?» — ሰ.መ.፣ ሸዋ በር፣ ሐረር

ልጄ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልለምንሽ፦ ማንም መርፌ እንዳያሳርፍበት። እኔ ገና ለማጅ ሳለሁ የጌታዬን የ33 ሸክላ፣ ማለትም በደቂቃ 33 ጊዜ ከሲሶ የሚዞረውን፣ በድሮው በእጅ በሚጠመዘዘው ግራሞፎን ላይ አድርጌ የብረት መርፌ ጫንኩበት። አንድ ዙር ሳይጨርስ ክሩን አረሰው። ጌታዬ ግሪክ ነበር፤ የዚያን ዕለት የሰማሁትን ግሪክኛ እስከ ዛሬ አልተረጎምኩትም።

አሥመራ ያሉት አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1943 የኢጣሊያን ባሕር ኃይል ራዲዮ ጣቢያ ተረክበው የገቡ ናቸው። ሰፈሩ በኋላ በኮሪያው ሻለቃ ስም «ቃኘው ጣቢያ» ተባለ፤ ለራሳቸው ሰዎች የሚያሠራጩት ራዲዮና ቴሌቪዥንም ነበራቸው። ትሪ የሚያህለው ሸክላም ከዚያ ዓለም የመጣ ነው። ዘፈን በአጭር ሞገድ ባሕር ሲያቋርጥ ድምፁ እየራቀ እየቀረበ፣ እያፏጨ ይበላሻል፤ ዜና እንደምንም ይሰማል፣ ቫዮሊን ግን አይሆንም። ስለዚህ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፕሮግራሙን ዐርባ ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ሸክላ ላይ እያተሙ፣ በአንድ ገጽ ዐሥራ አምስት ደቂቃ፣ በየግንባሩ ወዳሉ ጣቢያዎች በአውሮፕላን ይልኩ ነበር። ከአገር ቤት ራዲዮ ከተወሰደው ላይ የሳሙናውንና የሲጋራውን ማስታወቂያ ቆርጠው ክፍተቱን በሙዚቃ ይሞሉታል። እኛ ሁሉንም «ሸክላ» እንላለን፤ የዱሮው ሲወድቅ እንደ ገል ይሰባበራል። ይህኛው ግን ቪኒል ነው፣ አይሰበርም። ሥራው ሲያልቅ እንዲወገድ ነበር የሚታዘዘው፤ አያትሽ እጅ እንዴት እንደገባ አልጠይቅም።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ብቻ ከሆነ ውስጡ ያለው የአሜሪካ ኦርኬስትራ ነው፤ የአያትሽ ድምፅ አይደለም። ግን ለሴት አያትሽ ይህን ገና አትንገሪ። ምክንያቱም በዚያ ዘመን ጣቢያዎች ራሳቸው ድምፅ የሚቀዱበት ሌላ ዓይነት ሸክላ ነበራቸው፤ አሉሚኒየም ላይ ላከር የሚባል ጥቁር የቫርኒሽ ዓይነት ቀለም የተቀባ፣ እዚያው ቆሞ የተናገረውን ሰው ድምፅ የሚቀርጽ፣ አንድ ቅጂ ብቻ ያለው። በእጅ የተጻፈ ነገር አለበት ማለትሽ አሳሰበኝ።

መለየቱ ቀላል ነው። ሸክላውን በጠርዙ ይዘሽ ወደ መስኮት ውሰጂና የመሐሉን ቀዳዳ አፍ ተመልከቺ። ዙሪያውን ጥቁር ብቻ ከሆነ፣ ሲያዝም ቀለል ብሎ ትንሽ የሚተጣጠፍ ከሆነ ቪኒል ነው። ቀዳዳው አፍ ላይ ነጭ ብረት ብልጭ ካለብሽ ግን ወዲያው አስቀምጪው። አልኮል አታስነኪው፣ ውኃም አታስነኪው፤ በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ጠቅልለሽ እንደ መስተዋት አቁሚው፣ ከላዩ ምንም አትጫኚበት።

የእኔ ማጫወቻ ለእንደዚህ ዓይነት ስፋት አይበቃም፤ ክንዱን ነቅዬ ወደ ኋላ ማራቅ አለብኝ፣ የሁለት ቀን ሥራ ነው። ዛሬ እጀምረዋለሁ። ሐሙስ ጠዋት ነይ፣ ሴት አያትሽንም ይዘሽ ነይ፤ ድምፁን ከሰማነው መለየት የምትችለው እሷ ብቻ ናት። ከሐረር በጊዜ ተነሡ፤ ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እዘጋለሁ። የድሬን ፀሐይ ታውቂዋለሽ።